ውጤቱ እስኪደርስ፦ ከእማዬ ጋር ባንኮክን ያየንባቸው ዘጠኝ ቀናት

ሐኪሙ የእማዬን ፋይል ዘጋና «የቀረው ምርመራ ውጤት በዘጠኝ ቀን ይደርሳል። እስከዚያ ቀስ ብለው ይራመዱ፤ ፀሐይና ደረጃ ግን ይጠንቀቁ» አለ። አስተርጓሚዋ ነግራን ስትጨርስ እማዬ ወደኔ ዞረች። «ዘጠኝ ቀን ሙሉ ምን ልንሆን ነው?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

ለሕክምና ባንኮክ የሚሄድ የአገራችን ሰው ብዙ ነው። ሆስፒታል ተቀምጠን ወረፋ ስንጠብቅ አማርኛ ሳንሰማ የዋልንበት ቀን ትዝ አይለኝም። ያገኘኋቸውን ሁሉ «ከተማውን አያችሁት?» ብዬ እጠይቅ ነበር። መልሱ ተመሳሳይ ነው፤ ከሆቴል ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ሆቴል፣ ቢበዛ አንድ ቀን ሞል። አንድ አባት ሦስት ሳምንት ቆይተው ወንዙን አላዩትም። ወንዙ ደግሞ የባንኮክ ልብ ነው። ይህን የምጽፈው እንደኛ አስታማሚ ሆነው ለሚሄዱ፣ እንዲሁም ለንግድ ሄደው ሁለት ሦስት ትርፍ ቀን ለሚኖራቸው ነው። ልቧን የሚያማት የ67 ዓመት ሴት ይዤ የቻልኩትን ጤነኛ ሰው በቀላሉ ይችለዋል።

የሄድነው በጥር 2017 ነው። የመጀመሪያውን ደረሰኝ ሲሰጡን እማዬ መነጽሯን አድርጋ ቀኑን አየችና «ይሄ ምንድን ነው?» አለች። 2568 ይላል። ታይላንዶች ዓመት የሚቆጥሩት በቡድሃ ዘመን ነው፤ ከፈረንጁ 543 ዓመት ይቀድማል። እኛ 2017፣ ፈረንጅ 2025፣ እነሱ 2568። የቀጠሮ ወረቀት ወይም የመድኃኒት ፓኮ ላይ የዓመቱ መጨረሻ ሁለት ቁጥር ብቻ፣ እንደ 68፣ ተጽፎ ብታዩ እንዳትደናገጡ ብዬ ነው። እማዬ ግን ደስ አላት። «የራሱን ቀን የሚቆጥር ሌላም አገር አለ ማለት ነው» አለች። ከዚህ በኋላ የምጽፋቸው የታሪክ ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከመነሳታችሁ በፊት የሚያስፈልገውን ቶሎ ልበልና ልለፍ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ፤ ከኢትዮጵያ የሚገባ ሰው ይጠየቃል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። በፈረንጅ ከሜይ 2025 ጀምሮ ደግሞ የመግቢያ ቅጹ በኢንተርኔት ሆኗል። ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ይሞላል፤ ነፃ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠማችሁ ትክክለኛው አይደለም። በጥርና በየካቲት አየሩ ይጨሳል። ልብ ወይም ሳንባ የሚያመው ሰው ካለ ጥሩ ማስክ አይቅር። ሚያዝያ ከሁሉ የባሰ ሙቀት ነው። በዚያ ላይ ከሚያዝያ 5 (በፈረንጅ ኤፕሪል 13) ጀምሮ ሶንግክራን የሚባለው አዲስ ዓመታቸው ስለሆነ መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ውኃ ይራጫል። ለወጣት ደስ ይላል፤ ለታማሚ አይሆንም።

አሁን ስለ መጀመሪያው ቀናችን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም በብዙ ሰው ላይ ይደርሳል።

ጠዋት ተነስተን ወደ ታላቁ ቤተ መንግሥት ሄድን። ከአጥሩ ጥግ ገና ታክሲ ወርደን ሳንራመድ አንድ ሸሚዙን የተኮሰ፣ አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ ሰው ቀረበን። በትሕትና እጁን አጋጥሞ ሰላም አለን። «ዛሬ ሥነ ሥርዓት ስላለ እስከ ሰባት ሰዓት ዝግ ነው» አለን። ለእማዬ ያዘነ መሰለ። «እስከዚያ ሌሎች ቤተ መቅደሶች ላሳያችሁ፤ ቱክቱኩ ሁሉንም በ40 ባት ያዞራችኋል» አለና አንድ ቱክቱክ ጠራ። ቱክቱክ የኛው ባጃጅ ነው፤ ባት ደግሞ የታይላንድ ገንዘብ። ዋጋው በጣም ርካሽ ሲሆን መጠርጠር ነበረብኝ። አልጠረጠርኩም።

መጀመሪያ አንድ ትንሽ መቅደስ ወሰደን። ከዚያ የጌጣጌጥ ሱቅ። ከዚያ የልብስ ሰፊ ሱቅ። ከዚያ ሌላ የጌጣጌጥ ሱቅ። በሁለተኛው የጌጣጌጥ ሱቅ ውስጥ ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆመው «ሰማያዊውን ድንጋይ ገዝታችሁ አገራችሁ ብትሸጡት እጥፍ ታተርፋላችሁ» እያሉ አንድ ሰዓት ያህል ለመኑን። አልገዛም ስል ፊታቸው ተለወጠ። ስንወጣ ቱክቱኩ የለም። እማዬ ከአንድ ግንብ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ነበር። ያን ቀን የተናደድኩትን ያህል ተናድጄ አላውቅም። ገንዘቡ አይደለም። የሷን ጉልበት ነው የወሰዱብኝ።

ቤተ መንግሥቱ ያን ቀን ክፍት ነበር። በየቀኑ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ቀኑ 9፡30 ትኬት ይሸጣል፤ ቀኑን ሙሉ የሚዘጋው ለንጉሣዊ ሥነ ሥርዓት ብቻ ነው። ስለዚህ «ዝግ ነው» የሚላችሁን ማንንም መንገድ ላይ አትመኑ። በሩ ድረስ ሂዱና ከትኬት መስኮቱ ስሙ። መንገድ ላይ ቀድሞ መጥቶ የሚያናግራችሁን ሰው ፈገግ ብላችሁ እለፉት። ታክሲ ስትይዙ «ሚተር» በሉ። እምቢ ካለ ውረዱ። ወይም በስልክ ግራብ ወይም ቦልት ጥሩ።

በማግስቱ አረፍን። በሦስተኛው ቀን እንግዳ መቀበያው ላይ የምትሠራው ልጅ አንድ ምክር ሰጠችኝ፤ ከዚያ በኋላ የሄድንበት ሁሉ በሱ ነው። «በመኪና አትሂጂ፤ ወንዙን ያዢ» አለችኝ።

ቻው ፕራያ ወንዝ ከተማውን ከሰሜን ወደ ደቡብ እየተጠማዘዘ ያልፋል። ዋና ዋናዎቹ የድሮ ሥፍራዎች በሙሉ ዳሩ ላይ ናቸው፤ ምክንያቱም ከተማው በ1782 ዋና ከተማ ሲሆን መንገዱ ወንዝ ነበር። አያያዙ እንዲህ ነው። ቢቲኤስ የሚባለው ከመንገድ በላይ የሚሄድ ባቡር አለ፤ የአዲስ አበባውን ቀላል ባቡር አስቡት፤ ብቻ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ድግግሞሹም ፈጣን ነው። ሳፓን ታክሲን የሚባለው ጣቢያ ትወርዳላችሁ። ከሥሩ ሳቶርን የሚባለው የጀልባ ማቆሚያ አለ። እዚያ ብርቱካንማ ባንዲራ ያለውን ጀልባ ትጠብቃላችሁ። የትም ብትወርዱ 16 ባት ነው። ሰማያዊ ባንዲራ ያለው የቱሪስት ነው፤ ዋጋው ይበልጣል፤ መቀመጫው ግን ይመቻል። ታማሚ ከያዛችሁ ሰማያዊው ላይ መክፈል አያስቆጭም። እኛ አንዴ ከሞከርነው በኋላ ወደ ብርቱካኑ ተመለስን፤ እማዬ ነች እምቢ ያለችው።

የወደደችው ረዳቷን ነው። በጀልባው ውስጥ ረጅም ቱቦ የመሰለ ቆርቆሮ ይዛ የምትዞር ሴት አለች። ሳንቲሙም ትኬቱም በዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ክዳኑን ከፈት ዘጋ እያደረገች ታንሿሿዋለች፤ ያ ማለት «ሒሳብ» ማለት ነው። ከኋላ ደግሞ ገመድ የሚይዘው ልጅ በፉጨት ለነጂው ምልክት ይሰጣል። አጭር ፉጨት፣ ረጅም ፉጨት፣ ከዚያ ጀልባው ከማቆሚያው ጋር ሲላተም ገመዱን ይወረውራል። እማዬ ይህን ሁሉ አስተውላ «የሜክሲኮ ታክሲ ማለት እኮ ነው፤ ውኃ ላይ ሆነ እንጂ» አለች። ስትወርዱ ፈጠን በሉ፤ ጀልባው ብዙ አይቆምም። አዛውንት ካዩ ግን ልጁ እጅ ይይዛል፤ እማዬን በየቀኑ ይዟታል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ጀልባው ላይ ለመነኮሳት የተተወ ቦታ አለ። ብርቱካንማ ልብስ የለበሰ መነኩሴ ሲገባ ሴቶች ፈቀቅ ይላሉ፤ ሴት መነኩሴን አትነካም። እማዬ ማንም ሳይነግራት ተነስታ ቦታ ለቀቀች።

በጀልባው ታ ቻንግ ላይ ወርደን ቤተ መንግሥቱን በሁለተኛው ሙከራ ገባነው። በሩ ሲከፈት እዚያው ነበርን። እባካችሁ በጠዋት ሂዱ። ከአራት ሰዓት በኋላ ሰው ከሰው ጋር ይጋፋል፤ ድንጋዩም ይግላል። ትኬቱ 500 ባት ነው፤ ከሁሉም ውዱ ይሄ ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው። ከፊታችን የነበሩ ፈረንጆች ሱሪ ለመግዛት ተመልሰው ወጡ። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ረጅም ቀሚሷን ለብሳ ነበር። ጠባቂዋ አይታ እጇን አጋጥማ ጎንበስ አለችላት። እማዬም እንደኛ ወግ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። ምንም አልተነጋገሩም።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ነውና። እማዬ አጥባቂ ኦርቶዶክስ ናት። ቡድሃ ያለበት ቤት መግባቱ ከብዷት ነበር። ሌሊቱን አሰበችበት። ጠዋት ላይ «ለማየት እንጂ ለመስገድ አልሄድም፤ ማየት ደግሞ ሰውን ማክበር ነው» አለች። ማንም ስገዱ አይልም። እጣን ጨብጡም አይልም። የሚጠየቀው ጫማ ማውለቅ፣ ድምፅ መቀነስ፣ ስትቀመጡ እግራችሁን ወደ ምስሉ አለመዘርጋት ነው። ጫማ አውልቆ መግባትን ደግሞ እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ካልሲ ያዙ፤ ድንጋዩ በእኩለ ቀን ይፋጃል።

ዋናው ቤት ውስጥ ያለው የአረንጓዴ ድንጋይ ቡድሃ ነው። ሰው ዝናውን ሰምቶ ትልቅ ነገር ይጠብቃል። ቁመቱ 66 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በጣም ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ደግሞ ያንሳል። ልብስ አለው። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ለሙቀት፣ ለዝናብና ለብርድ ወቅት፣ ንጉሡ ራሳቸው ያስለውጡታል። እኛ በጥር ስለሄድን የብርዱን ለብሶ ነበር፤ ከወርቅ የተሠራ መረብ ሁለቱንም ትከሻውን ሸፍኖታል። «ጋቢውን ደርቧል» አለችኝ እማዬ በሹክሹክታ። ከዚያ በኋላ የፈለግነውን ያህል ቁጭ ብለን አረፍን።

ከዚያ ቤት ዙሪያ ባለው ሰቀላ ግድግዳ ላይ 178 ትልልቅ ሥዕሎች በተከታታይ ተሥለዋል። ራማኪየን የሚባለው ታሪካቸው ነው፤ የሕንዱ ራማያና በታይላንድ አቀራረብ። አብዛኛው ጎብኚ ፎቶ አንስቶ ያልፋል። እማዬ ግን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ታሪክ ስታነብ ያደገች ሴት ናት። ከሰሜኑ በር ጀምራ አንድ በአንድ ሄደች። «ይቺ የተጠለፈችው ሚስቱ ናት? ይሄ ነጩ ዝንጀሮ ነው የሚያስመልሳት?» ትለኛለች። ልክ ነበረች። ጥላ ነው፤ ነፋስ ይገባል፤ ለታማሚ ከግቢው ሁሉ የተሻለ ቦታ እሱ ነው። በዚያው ትኬት የንግሥት ሲሪኪት የጨርቃ ጨርቅ ሙዚየምም ይገባል። ግቢው ውስጥ ነው፤ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ እናንተም ልብስ የሚወድ ሰው ካላችሁ አትለፉት።

በማግስቱ ዋት ፖ ሄድን። ዋት ማለት ቤተ መቅደስ ነው። የተጋደመው ቡድሃ 46 ሜትር ይረዝማል፤ በአዳራሹ ዓምዶች መካከል ስለሆነ በአንድ እይታ ሙሉውን ማየት አይቻልም። እኔን የያዘኝ ውስጥ እግሩ ነው። ጥቁር መደብ ላይ በሚያብረቀርቅ የባሕር ዛጎል 108 ምልክቶች ተለብጠዋል። ከጀርባው በኩል 108 የነሐስ ጎድጓዳ ሳሕኖች ተደርድረዋል። ሰዎች በየሳሕኑ አንዳንድ ሳንቲም እየጣሉ ያልፋሉ፤ አዳራሹ ቀኑን ሙሉ ይንጫረራል። ከግቢው ሳትወጡ ደግሞ ድንጋይ ላይ የተቀረጹ ጽሑፎችን ፈልጉ። ከ1,400 በላይ ናቸው። ሣልሳዊ ራማ የሚባሉት ንጉሥ ሕክምናውን፣ ማሸቱን፣ ግጥሙን፣ ታሪኩን ሁሉ ሕዝብ አይቶ እንዲማር በ1830ዎቹ ድንጋይ ላይ ያስቀረጹት ነው። ዩኔስኮ በዓለም የመዛግብት ቅርስነት መዝግቦታል። የሰው አካል ተሥሎ የት የት መታሸት እንዳለበት ተመልክቷል። የታይ ማሳጅ ትምህርት ቤቱም እዚያው ነው። እኛ አልታሸንም፤ የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይታሽ። መግቢያው 300 ባት ነው።

ከዋት ፖ ወጥታችሁ መንገዱን ስትሻገሩ ታ ቲየን የሚባለው ማቆሚያ ነው። ከዚያ ወዲያ ማዶ የሚያሻግር ጀልባ 5 ባት ነው። ጉዞው ጥቂት ደቂቃ ነው። ማዶ ላይ ዋት አሩን፣ የንጋቱ መቅደስ ቆሟል። ከ60 ሜትር የሚበልጥ ግንብ ነው። ከሩቅ ነጭ ድንጋይ ይመስላል። ቀርባችሁ እጃችሁን ልትነኩት ስትደርሱ ግን ድንጋይ አይደለም፤ ሲኒ ነው።

እውነት ነው፤ የሲኒ፣ የሳሕን፣ የጎድጓዳ ሳሕን ስባሪ ነው። ከቻይና የመጣ ሸክላ። ስባሪው እየተቆረጠ አበባ ሆኗል፤ የአበባው እምብርት የሲኒ ቂጥ ነው፤ ቅጠሎቹ የሳሕን ጠርዝ። አንዳንዱ ላይ የድሮው ሰማያዊ ሐረግ አሁንም ይታያል። እማዬ ፊቷን አስጠግታ ብዙ ጊዜ ቆመች። «ስንቱን ሲኒ ሰብሬ ጥያለሁ» አለች። ከዚያ ከቦርሳዋ የድሮውን 10 ባት ሳንቲም አውጥታ ገለበጠችው። ይኸው ግንብ ጀርባው ላይ አለ። ደረጃው በጣም ቀጥ ያለ ነው። እሷ ከታች ቀረች፤ እኔም አልወጣሁም። ከታች ሆኖም ያየነው በቂ ነበር።

አሁን ወደምወደው ቦታ መጣሁ። ለጎብኚ ሁሉ የማልመክረው፣ ለአበሻ እናቶች ግን አጥብቄ የምመክረው ቤት ነው። የጂም ቶምፕሰን ቤት ይባላል፤ ከቢቲኤስ ናሽናል ስታዲየም ጣቢያ በእግር ቅርብ ነው። ሰውየው አሜሪካዊ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባንኮክ ቀረና ሊጠፋ የነበረውን የታይ ሐር ሽመና ለዓለም አስተዋወቀ። ስድስት የድሮ የቲክ እንጨት ቤቶችን አስመጥቶ በ1959 አንድ መኖሪያ አደረጋቸው። በ1967 ማሌዥያ ካሜሮን ሃይላንድስ በእግር ሊንሸራሸር ወጥቶ ቀረ፤ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ቤቱን በአስጎብኚ ነው የሚያሳዩት፤ ጊዜ ወስደው ያስረዳሉ።

እማዬ ሽሮ ሜዳ ሠላሳ ዓመት የአበሻ ቀሚስ ሸጣለች። ጨርቅ ስታይ ሌላ ሰው ትሆናለች። ግቢው ውስጥ አንዲት ሴት የሐር ትል ድቡልቡሎችን ሙቅ ውኃ ውስጥ ከታ ክሩን ትስባለች። ከዓይን የሚጠፋ ቀጭን ክር ነው፤ ብዙው ተያይዞ አንድ ክር ይሆናል። እማዬ አጎንብሳ ጠበቀች። ሴትዮዋ አየቻትና የተሳበውን ክር ጫፍ ጣቷ ላይ አደረገችላት። እማዬ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል አሸት አደረገችው። «ጥጥ እንዲህ አይታዘዝም» አለች።

ከቤቱ ጀርባ ሴን ሴፕ የሚባለው ቦይ ያልፋል። ከቦዩ ማዶ ባን ክሩዋ የሚባል ሰፈር አለ። ነዋሪዎቹ ከዘመናት በፊት ከካምቦዲያ በኩል የመጡ ቻም የሚባሉ ሙስሊሞች ናቸው። ለጂም ቶምፕሰን ሐሩን የሸመኑት እነሱ ናቸው። ዛሬ የሚሸምነው ቤት በጣም ጥቂት ነው። ድልድዩን ተሻግረን ጠባቧን መንገድ ይዘን ስንሄድ የዕቃውን ድምፅ ሰማን። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። እማዬ ቆመች። «ይሄ እኮ የኛ ድምፅ ነው» አለች። በሩ ክፍት ነበር፤ አንድ ሽማግሌ በእጃቸው ግቡ አሉን።

የኛ ሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ነው የሚሠራው። እነሱ ከፍ ያለ የእንጨት አልጋ ላይ ይቀመጣሉ። ሌላው ግን ያው ነው፤ ድሩ ተወጥሯል፣ መወርወሪያው ማጉን ይዞ ወዲህ ወዲያ ይላል፣ እግር ይረግጣል። እማዬ የተሠራውን ጨርቅ አንስታ በመጀመሪያ ያደረገችው ገልብጣ ጀርባውን ማየት ነበር። ሽማግሌው ሳቁ። ባለሙያ የሚያየው ጀርባውን መሆኑን እሳቸውም ያውቃሉ። ከዚያ ነጠላዋን ጠርዝ ይዘው እሳቸው በተራቸው ጥበቡን ገለበጡ። ሁለቱ ምንም የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው ግማሽ ሰዓት ያህል አወሩ። እማዬ ድር ትላለች፤ እሳቸው በታይኛ ስሙን ይነግሯታል። አንድ ሻርፕ ገዛች፤ ዋጋ አልተከራከረችም። ሽሮ ሜዳ ያደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሰፈሩ መኖሪያ ነውና ስትሄዱ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ።

የምግቡን ነገር ልጨምር። እማዬ ሚጥሚጣ በጥሬ ሥጋ የምትበላ ሴት ናት፤ ሶም ታም የሚባለው የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ ግን ዓይኗን አስነባት። «ማይ ፔት» በሉ፤ አታቃጥለው ማለት ነው። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው ችግሩ ሌላ ነው። አትክልት ብቻ በሚመስል ምግብ ውስጥ የዓሣ መረቅ ይገባል፤ እንቁላልም ይጨመራል። መፍትሔውን ያገኘሁት ያዋራት ላይ ነው፤ የቻይናውያን ሰፈር ነው። ቢጫ መደብ ላይ በቀይ የተጻፈ፣ 17 ቁጥርን የሚመስል ምልክት ፈልጉ። «ጄ» ይባላል። ሥጋ የለ፣ ዓሣ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም የለውም፤ ለኛ አፍ ትንሽ ይጎድለዋል፤ ጾሙ ግን ሙሉ ነው። እንጀራ ለናፈቃችሁ ሱኩምቪት ሶይ 3 አካባቢ ይገኛል፤ ሐላልም እዚያው ሞልቷል።

ያዋራት ከሄዳችሁ ዋት ትራይሚትን እግረ መንገዳችሁን እዩ። የወርቁ ቡድሃ እዚያ ነው፤ አምስት ቶን ተኩል ይመዝናል። ለዘመናት በኖራ ተለብጦ ተራ ምስል ይመስል ነበር። በ1955 ወደ ሌላ ቦታ ሲያነሱት ወደቀ። ኖራው ተሰነጠቀና ውስጡ ወርቅ ሆኖ ተገኘ። እማዬ ይህን ታሪክ ከሁሉም አብልጣ ወደደችው፤ ሆቴል ስንመለስ ላገኘችው አበሻ ሁሉ ነገረች።

ሉምፒኒ መናፈሻ ለማረፍ ነው። ጠዋት ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ሂዱ። ኩሬው ዳር ሁለት ሜትር የሚደርስ አርጃኖ ታያላችሁ፤ ሳር ላይ ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቃል። ካልቀረባችሁት አይነካችሁም። ልክ በ12 ሰዓት ከድምፅ ማጉያ የብሔራዊ መዝሙሩ ተሰማ። የሚሮጠው ቆመ። ብስክሌት የያዘው ወረደ። ሕፃን የምትገፋው ሴት ቀጥ አለች። እኛም ቆምን። መዝሙሩ ሲያልቅ ሁሉም ካቆመበት ቀጠለ። እማዬ በልጅነቷ ባንዲራ ሲወርድ መንገደኛው ሁሉ ባለበት ቆሞ ይጠብቅ እንደነበር ነገረችኝ። ጠዋት በ2 ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ሳይቀር። ቁሙ። ስለ ንጉሡም በቀልድ እንኳ ክፉ አትናገሩ፤ ሕጉ ጽኑ ነው፤ ሕዝቡም ያዝናል።

ቻቱቻክ የሚባለውን የቅዳሜና እሑድ ገበያ ሁሉም ሰው ይመክራችኋል። መርካቶን ለሚያውቅ አዲስ አይደለም፤ ሙቀቱ ደግሞ ለታማሚ ከባድ ነው። እኛ ግማሽ ሰዓት ቆይተን ወጣን። በምትኩ ፓክ ክሎንግ የሚባለውን የአበባ ገበያ ሂዱ። ማታም ቀንም ክፍት ነው። በክር የተሰካ የጽጌ ረዳና የጃስሚን አበባ ጉንጉን ይሸጣል። ትንሿን ገዝታችሁ ታማሚው አልጋ ራስጌ ብታንጠለጥሉት ክፍሉን ሌሊቱን ሙሉ ያውደዋል።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ውጤቱ መጣ። መድኃኒቷ ትንሽ ተስተካከለ፤ ከስድስት ወር በኋላ አዲስ አበባ ሆና እንድትታይ ተነገረን። በረራችን ሌሊት ስለነበር ቀኑ ባዶ ነው። «የት ልውሰድሽ?» አልኳት። «ማዶ» አለች።

ታ ቲየን ሄደን 5 ባት ከፍለን ተሻገርን። ስንደርስ አልወረደችም። ልጁ ገመዱን ይዞ አያት። ሌላ 5 ባት ሰጠችውና ተመለስን። ፀሐይዋ ከዋት አሩን ጀርባ እየገባች ነበር፤ ሲኒዎቹ አንድ በአንድ እየጠቆሩ ግንቡ ጥላ ብቻ ሆነ። በዚህኛው ዳር ስንደርስ እማዬ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሳንቲም መፈለግ ጀመረች።